ቆርኬ የጠፋበት ሜዳ፤ የሐርጌሳ የአደን ጉዞ ታሪክና የዛሬው ጐብኚ

«ሳፋሪ» የሚለው ቃል ወደ ቋንቋችን ከገባ ብዙ ዘመን አይደለም። ከዐረብኛው «ሰፈር»፣ ማለት ጉዞ፣ ተነሥቶ በስዋሂሊ በኩል ዓለምን ያዳረሰ ቃል ነው፤ ሶማሌዎችም ለጉዞ ያንኑ ቃል ይሠሩበታል። የእኛው «ሰፈር» ግን መንገደኛው ወይም ጦሩ ጓዙን አራግፎ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ይሁን ወይም አይሁን መመርመሩን ለቋንቋ ሊቃውንት እተወዋለሁ። እኔን የሚመለከተኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ዱር አራዊት ጉዞ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የተጓዡን መንገድ ሲከተሉ፣ ተጓዡ ሰፍሮ የተነሣበትን ስፍራ ግን ዘወር ብለው ሳያዩት መቅረታቸው ነው።

በዛሬው ጊዜ የአፍሪካን የዱር አራዊት ለመጐብኘት የሚያስብ ሰው ምርጫው ሰፊ ነው። ወደ ታንዛንያው ሴሬንጌቲና ወደ ኬንያው ማሳይ ማራ፣ በአገራችንም ወደ ባሌ፣ ወደ ሰሜን ተራራ፣ ወደ አዋሽ የሚጋብዝ ማስታወቂያ ሞልቷል። የመምህራን ማኅበራትና የትምህርት ቤት ክበባትም ገንዘብ አዋጥተው ተማሪዎችን ወደነዚህ ስፍራዎች ይወስዳሉ። ማስታወቂያው ስለ አንበሳው፣ ስለ አልጋውና ስለ ዋጋው ይነግረናል፤ «ለተፈጥሮ የሚቈረቈር» የሚል ቃልም አይጐድለውም። ይህ ቃል እውነት መሆኑ ወይም አለመሆኑ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሳፋሪ ሲባል ማንም ወደማያስበው ስፍራ፣ ወደ ሐርጌሳ፣ አንባብያንን ልወስድ እወዳለሁ። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ሳይከተለው የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ የተቈረቈረች፣ በ1991 ነጻነቱን ያወጀው የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ናት። በስተሰሜንዋ አገሩ ቍልቍል ወደ በርበራ ወደብ ይወርዳል፤ በስተደቡብዋ ሐውድ የሚባለው ውሃ የሌለው ሰፊ የግጦሽ ምድር እስከ ኦጋዴን ይዘረጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሼክ መደር የተባሉት የቃዲርያ ጠሪቃ መምህር ደቀ መዛሙርታቸውን ሰብስበው፣ ማሽላ እያሳረሱ የመንፈሳዊ ማኅበር ሰፈር አቋቋሙባት። የከተማዋን ስም አንዳንዶች «ትንሿ ሐረር» ከሚል ሲያወጡት፣ ሌሎች ደግሞ ቆዳ ለገበያ ከማምጣት ጋር ያያይዙታል። የኋለኛው ትርጓሜ እውነት ቢሆንም ባይሆንም ለነገራችን ይስማማል፤ ቆዳና ቀንድ፣ የዝሆን ጥርስና የሰጎን ላባ ከደጋው ወደ ባሕሩ የሚወርዱበት የነጋዴ መንገድ በዚያ ያልፍ ነበርና።

ግብጾች በ1884 የጠረፉን ወደቦች ለቀው ሲወጡ እንግሊዞች ከሶማሌ ጎሣዎች ጋር እየተዋዋሉ ገቡ። አገሩን የፈለጉት ለራሱ ሲሉ አልነበረም፤ በባሕሩ ማዶ በኤደን ለነበረው ጦራቸው ሥጋ የሚመጣው ከበርበራ ስለ ነበረ ነው። እስከ 1898 ድረስም ሶማሊላንድ የምትተዳደረው ከሕንድ መንግሥት ሥር ሆና በኤደን በኩል ነበር። በኤደን ሙቀት የተሰላቹት መኰንኖች ፈቃድ ሲያገኙ ባሕሩን በአንድ ሌሊት ተሻግረው፣ በርበራ ላይ ግመል ተከራይተው ወደ ሐርጌሳና ወደ ሐውድ ሜዳ ለአደን ይወጡ ጀመር። የጄምስ ወንድማማቾችና ባልንጀሮቻቸው በ1884 እና በ1885 ከበርበራ ተነሥተው እስከ ዋቢ ሸበሌ ከዘለቁ በኋላ ወሬው በእንግሊዝ አገር ተዛመተ፤ ሎርድ ዎልቨርተን በ1894 የአምስት ወር አደኑን መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ፤ በ1908 ደግሞ አግነስ ኸርበርት የምትባል ሴት ከዘመድዋ ጋር ስላደረገችው አደን ጻፈች። ናይሮቢ ገና የባቡር ሠራተኞች ድንኳን እንኳ ሳይተከልባት፣ የአፍሪካ አንበሳ ማደን ለሚፈልግ ባለጸጋ የታወቀው በር በርበራ ነበረ። የሳፋሪ ታሪክ ከኬንያ ይጀምራል ብለን የምናስተምር መምህራን ብንኖር ይህን ማረም ይገባናል።

እነዚህ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ወደዚያ አገር የሚገባ መንገደኛ ብቻውን አይጓዝም ነበር። ከአገሩ ሰው አንድ «አባን» ይይዝ ነበር። አባን ማለት የእንግዳው ጠባቂና ዋስ ነው። እንግዳው ቢዘረፍ ወይም ቢሞት የሚጠየቀው፣ የደሙ ነገር የሚወድቅበት አባኑና ጎሣው ነው። በሌላው ወገን ደግሞ እንግዳው ጕድጓድ ቢያበላሽ፣ ግጦሽ ቢያስረግጥ፣ የሰው ግመል ቢነካ፣ ባለቤቱ የሚከሰውም ያንኑ አባን ነው። ስለዚህ አባኑ ለእንግዳው «በዚህ ሂድ» ብቻ ሳይሆን «በዚህ አትሂድ» ለማለት ሥልጣን ነበረው። በ1854 ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር የገባው ሪቻርድ በርተን አባኖች ገንዘብ ወዳዶች ናቸው እያለ እጅግ አማሯል፤ እውነትም ሳይኖርበት አይቀርም። የሚያስገርመው ግን የሚማረረው ሰው ሁሉ ያለ አባን ለመሄድ አለመድፈሩ ነው።

ይህ ሥርዐት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ መንግሥታችን ወግ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ «ባልደረባ» ይታዘዝለት ነበር። ባልደረባው የእንግዳውን ጉዳይ ወደ ንጉሡ ያቀርባል፣ የንጉሡንም ፈቃድ ለእንግዳው ያደርሳል፤ እንግዳው ቢያጠፋ ደግሞ ተጠያቂው እርሱ ነው። በሁለቱም ልማድ ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ እንግዳ በአገር ውስጥ ሲመላለስ ስለ እርሱ መልስ የሚሰጥ የአገር ሰው ሊኖር ይገባል።

የእንግሊዝ መኰንኖች ጉዞ ይህን ሥርዐት በአንድ ቀን አላፈረሰውም፤ ውስጡን ባዶ አደረገው እንጂ። አሁን ለአደን የሚሄደው ሰው የሚያስፈቅደው ከኤደን ነው። ከበርበራ ሲነሣም ጠመንጃ የታጠቁ ብዙ አጃቢዎች ቀጥሮ ነው፤ አጃቢዎቹ ሶማሌዎች ቢሆኑም የሚከፍላቸው እርሱ ስለ ሆነ የሚታዘዙት ለእርሱ እንጂ ለሚያልፉበት ምድር ጎሣ አልነበረም። አባን የሚለው ስም ቀርቶ ቢገኝ እንኳ መንገድ መሪ ወደ መሆን ወረደ። በሐውድ ሜዳ ላይ ስንት ሳላ ወይም ስንት አንበሳ ይገደል የሚለው ነገር ባሕር ማዶ ተቀምጦ በሚፈርም እጅ ገባ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጠመንጃው ይልቅ ከባድ ሆኖ የሚታየኝ ይህ ለውጥ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። ሐራልድ ስዌይን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ መኰንን ከ1880ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ካርታ ለማንሣትና ለማደን በአገሩ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ፣ በ1895 ስለ 17 ጉዞዎቹ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ሐርጌሳን አይቷል፤ ስለ ሼኩም ጽፏል። ከከተማዋ ወዲያ ባሉት «ባን» በሚባሉት ሣር ብቻ በሚበቅልባቸው ሰፋፊ ሜዳዎች ላይ አንድ ትልቅ እንስሳ አየ፤ ሶማሌዎች «ሲግ» ይሉታል፣ እኛ «ቆርኬ» እንለዋለን። ትከሻው ከፍ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ረዥም፣ ቀንዱ ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ጠጕሩ ወደ ጥቍረት የሚያደላ ቀይ ነው። የለንደኑ የአራዊት ሊቅ ስክሌተር በ1892 ለሳይንስ ሲያስታውቀው በመኰንኑ ስም ሰየመው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም መጻሕፍት «የስዌይን ቆርኬ» ይባላል። ሲግ የሚለው የባለአገሩ ስም በአንዳንድ የድሮ መጻሕፍት ኅዳግ ብቻ ቀረ።

ስዌይን በአንድ መንጋ ውስጥ 300 ወይም 400 ቆርኬ እንደሚገኝ፣ በአንድ ጊዜም ወደ 12 የሚደርሱ መንጎች በዐይን ይታዩ እንደ ነበር ጽፏል። ይህን ማንኛውም የአራተኛ ክፍል ተማሪ ቢያባዛው፣ አንድ ሰው ቆሞ በሚያይበት ሜዳ ላይ ብቻ አራት ሺህ ገደማ ቆርኬ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ከዚያ ሜዳ ላይ አንድም የለም። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አሥርታት ውስጥ ከሶማሊላንድ ጨርሶ ጠፋ።

እዚህ ላይ የታሪክ መምህር ቆም ብሎ የሚመረምረው ነገር አለ። የመንጋውን ብዛት የነገረን ማን ነው? ጠመንጃ ያነገተው ሰው ራሱ ነው። ስለ ዱር አራዊቱ ብዛት፣ ስለ ውሃ ጕድጓዶቹ፣ ስለ ሣሩ ሁኔታ ያለን የጽሑፍ ማስረጃ አብዛኛው ከአዳኞች ማስታወሻ የመጣ ነው። እነርሱ ቀንዱን በጥንቃቄ ለክተዋል፣ የገደሉበትን ቀን ጽፈዋል፤ ዱካውን ያገኘላቸውን የሶማሌ መንገድ መሪ ስም ግን ብዙውን ጊዜ አልጻፉም። ይህን ስል ማስረጃቸው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ያለ እነርሱ ቆርኬ በዚያ መኖሩን እንኳ ባላወቅን ነበር። ሆኖም የጎሣ ሽማግሌዎች ስለዚያው ሜዳ የሚያውቁት፣ ሳይጻፍ የቀረው እውቀት፣ ከመንጋው ጋር አብሮ እንደ ሄደ ልብ ልንል ይገባል።

ታዲያ ቆርኬን ያጠፋው የአዳኞች ጥይት ብቻ ነውን? አይደለም፤ እንዲህ ብሎ ማስተማር ቀላል ቢሆንም ትክክል አይሆንም። ከሁሉ የበረታው በሽታ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር ገብቶ አገራችንን ለክፉ ቀን የዳረገው የከብት ደስታ በሽታ፣ በሬና ላም ብቻ ሳይሆን ጎሽንና አጋዘንን፣ ቆርኬንም ፈጅቷል። አባቶቻችን የክፉ ቀንን ወሬ ሲነግሩን ስለ ሰውና ስለ ከብት እንጂ በዱር ስላለቀው መንጋ አልነገሩንም፤ የማረሻ በሬ ያለቀበት ሰው የዱሩን ሬሳ የሚቈጥርበት ልብ ከየት ያመጣል? ይህ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው።

በሽታው ያስተረፈውን ጥይት ተከተለው። ከ1899 እስከ 1920 ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ከእንግሊዞች ጋር ባደረጉት ረዥም ጦርነት ጠመንጃ በአገሩ ተበተነ፤ የተራበ ወታደርና የተሰደደ ዘላን ደግሞ ያገኘውን ገድሎ ይበላል። ቆርኬ በዛፍ ሥር የሚሸሸግ እንስሳ አይደለም፤ ግልጽ ሜዳ ይወዳል፤ ምግቡም ሣር ስለ ሆነ ከከብት ጋር ይሻማል። ስለዚህ በሽታ፣ ጦርነትና ግጦሽ ተባብረው አዳከሙት። የመዝናኛ አዳኙ ድርሻ ከነዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም እርሱ ያደነው በችግር ተገዶ አልነበረም፤ መንጋው መመናመኑን እያየና እየጻፈም አደኑን ቀጠለ። ዝሆንም ከሐርጌሳ በስተሰሜን ካለው ከጎሊስ ተራራ በዚያው ዘመን ጠፋ።

እንግሊዞች ጥፋቱን ሳያዩ አልቀሩም። በግንቦት 1900 የአውሮፓ መንግሥታት በለንደን ተሰብስበው የአፍሪካን የዱር አራዊት ለመጠበቅ ተዋዋሉ። በዚያ ጉባኤ ከአፍሪካ ማንም አልተጠየቀም። ውሉ አንዳንዶቹን እንስሳት ሲከልል፣ አንበሳንና ነብርን ግን «ጐጂ» ብሎ ቍጥራቸው እንዲቀነስ የሚፈቅድ ነበር፤ ዛሬ ጐብኚው ሁሉ አንበሳ ለማየት የሚከፍለውን ገንዘብ ስናስብ የዘመን ፍርድ እንዴት እንደሚገለበጥ ያሳያል። በሶማሊላንድም የአደን ደንብ ወጣ፤ በሐርጌሳ ዙሪያ ያለው ምድር ክልል ተባለ። ሆኖም ደንቡ የሚለየው ፈቃድ ገዝቶ የሚያድነውን ሰው ካልገዛው ነው። ከጥንት ጀምሮ በቀስትና በውሻ ሳላ እያደነ ለጋሻ የሚሆን ቆዳ ለጎረቤቱ ሲያቀርብ የኖረው የጋቦዬ ወገን በአዲሱ አሠራር ሕገወጥ ሊባል ነው፤ ከለንደን የመጣው ግን «ስፖርተኛ» ይባላል።

ሶማሊላንድ ስትራቈት አዳኞቹ ወደ ደቡብ ሄዱ። ለዚህ ከሎርድ ደላሜር ይልቅ ግልጽ ምሳሌ የለም። በ1891 ለአንበሳ አደን ወደ ሶማሊላንድ መጣ፤ እየተመላለሰም አደነ። በ1894 አንበሳ ይዞ ሲጥለው ጠመንጃ ተሸካሚው አብዱላ አሹር በባዶ እጁ አውሬውን ተናንቆ አዳነው፤ ደላሜርም ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖረ። በ1896 መጨረሻ ከበርበራ ተነሥቶ በኦጋዴን በኩል ወደ ደቡብ ተጕዞ የኬንያን ደጋ አየ፤ ወደደውም፤ ኋላም የነጭ ሰፋሪዎች አለቃ ሆነ። አብዱላ አሹርን የሚያውቀው ግን ስንት ሰው ነው? የሶማሌ ጠመንጃ ተሸካሚዎችና የጉዞ አለቆችም እንዲሁ ወደ ናይሮቢ ወርደው የኬንያን ሳፋሪ አቋቁመዋል። በ1909 የአሜሪካው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከልጁ ጋር መጥቶ ሁለቱ 512 እንስሳት ሲገድሉ፣ የጉዞው ወግ፣ ድንኳኑ፣ የሥራ ክፍሉ ሁሉ ቀድሞ በሶማሊላንድ የተለመደ ነበር። ኬንያ አደንን የከለከለችው በ1977 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው ወጥቶ ፎቶግራፍ ማንሻው ገባ እንጂ ጓዙና አልጋው ብዙም አልተለወጠም።

እስካሁን የሌላውን ጥፋት ስንቈጥር ቆየን፤ የእኛንም ቤት መመልከት ይገባል። በአገራችን ግዳይ መጣል የወንድነት ማዕርግ ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን አጠለቀ፣ ዝሆን የገደለ ጆሮውን በወርቅ አስጌጠ፣ በየግብሩ ላይም «ዘራፍ» እያለ ግዳዩን ቈጠረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የዝሆኑ ማለቅ ቢያሳስባቸው በ1901 ዓ.ም. አደንን የሚገታ ደንብ አወጡ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በ1944 የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ታወጀ። የአዋሽና የሰሜን ፓርኮች በ1960ዎቹ ተቋቋሙ። የሐርጌሳው ቆርኬ ታሪክ ከአገራችን ጋር የሚገናኘውም በዚህ ነው። በትውልድ ሜዳው የጠፋው ሲግ በዓለም ላይ የተረፈው በኢትዮጵያ ብቻ ሆነ። በሻሸመኔና በሐላባ መካከል በአጄ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተከለለው ስለዚህ እንስሳ ሲባል ነው፤ ስፋቱ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በ1974 ጥቂቶቹ ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሣር ተወስደው ነበር፤ በአዋሽ አልሰመረም፤ በነጭ ሣርም እጅግ መንምነዋል። በማዜ ፓርክ ሌላ መንጋ አለ።

ሰንቀሌም ቢሆን የራሱ ክፉ ቀን ነበረው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ዘበኞቹ ሲበተኑ፣ በሺህ ይቈጠር የነበረው መንጋ በጥቂት ወራት ወደ መቶዎች ወረደ። እንዲህ የሆነበትን ምክንያት የአካባቢውን ሰው በመውቀስ ብቻ የምናልፈው አይደለም። መጠለያው ሲከለል ባላገሩ ግጦሹን አጥቶ ከክልሉ ውጭ ቆሞ የሚያይ ሆነ፤ አጥሩ ሲወድቅ እንደ ራሱ ሀብት አድርጎ የሚሟገትለት ባለቤት አልተገኘም። አባን አልነበረውም ማለት ነው።

አባን ያለው ምድር እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማየት ወደ መንዝ ጓሳ መውጣት ያሻል። የመንዝ ሰዎች በቄሮ ሥርዐት አባ ቄራ የሚባል አለቃ እየመረጡ፣ የጓሳውን ሣር ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ከፍተው፣ ለቤት ክዳንና ለገሣ የሚሆነውን እየተካፈሉ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ጓሳው ሲጠበቅ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም አብረው ተጠበቁ፤ ማንም ስለ እነርሱ ብሎ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዐቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ ተብሎ በሕግ ታውቋል፤ ጐብኚም ይቀበላል። በሰሜን ተራራ ያየነው ከዚህ የተለየ ነው። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከዝርዝሩ በወጣበት ዋዜማ፣ በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰው ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። ዋልያን ለማዳን አስፈላጊ ነበረ የሚሉ አሉ፤ ምናልባትም ነው። ነገር ግን ውብ የሆነውን የግጭን ሜዳ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጐብኚ፣ ባዶነቱ የተፈጥሮ ሳይሆን የውሳኔ መሆኑን ሳያውቅ ቢመለስ ያየውን አላየም።

አሁን ወደ ሐርጌሳ እንመለስ፤ ታሪኩ እዚያ አላበቃምና። በ1950ዎቹ ዓመታት በሐውድ «በርካድ» የሚባሉ የሲሚንቶ የውሃ ማጠራቀሚያዎች መሠራት ከጀመሩ ወዲህ፣ ቀድሞ በዝናብ ወራት ብቻ የሚገጥበት ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚረገጥ ሆኗል። ያም ሆኖ ዲክዲክና ገረኑግ፣ ከርከሮም ዛሬ ድረስ ይታያሉ፤ አቦ ሸማኔም አልጠፋም። የአቦ ሸማኔው አደጋ ግን ጥይት አይደለም፤ ፍቅር ነው ልበል። በባሕሩ ማዶ ባሉት የባለጸጋ አገሮች ግልገሉን በቤት ማሳደግና ከእርሱ ጋር ፎቶግራፍ መነሣት እንደ ክብር ስለሚቈጠር፣ ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ ከኢትዮጵያና ከሶማሌ ምድር በሶማሊላንድ ጠረፍ በኩል በድብቅ ይሻገራሉ። በኤደን ባሕር ላይ የአራዊት ሬሳ ሲጫን የነበረበት መንገድ አሁን በሕይወት ያሉትን ያሻግራል። አቦ ሸማኔን ወደ ሌላ አገር መነገድ በዓለም አቀፍ ውል ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ሶማሊላንድም ሕግ አውጥታ አዘዋዋሪዎችን ታስራለች። የተያዙትን ግልገሎች የሚያሳድገው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት መጀመሪያ በሐርጌሳ ከተማ፣ ኋላም ከከተማዋ ውጭ ገድ ደብሌ በተባለ ስፍራ መጠለያ ሠርቷል። የአቦ ሸማኔ ግልገል አደን የሚማረው ከእናቱ ዘንድ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ቆይቶ ነው፤ ይህን ትምህርት ያጣ ግልገል ወደ ዱር ተመልሶ ራሱን ለመቻል እጅግ ይቸገራል። እኛ መምህራን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

በሐርጌሳ በአንዳንድ ሆቴል ግቢ በሽቦ ውስጥ የታሰረ አቦ ሸማኔ ለእንግዳ ይታይ የነበረበት ጊዜ አለ። ሻይ እየጠጣ የሚያየው እንግዳ ምንም አልበደለም፤ ብቻ የሚከፍለው ገንዘብ ለቀጣዩ ግልገል መነጠቅ ዋጋ ይሆናል። ስለዚህ ግልገል አቅፎ ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚያስከፍል ጉብኝት በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ማስታወቂያው ምንም ቢል፣ ልጆቻችንን ልንወስድበት አይገባም። ይልቅስ ከሐርጌሳ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ ባለው በላስ ጌል ዋሻ ውስጥ፣ ከሺህ ዓመታት በፊት የተሣሉትን ላሞችና የዱር እንስሳት የሚያይ ተማሪ፣ ሰውና አውሬ በዚያ ምድር አብረው የኖሩበትን ዘመን በዐይኑ ያያል። ወደዚያ ለሚሄድ የውጭ አገር ሰው ለብዙ ዓመታት የታጠቀ ፖሊስ ይታዘዝለት ነበር። ፖሊሱ እንግዳውን ከአደጋ ይጠብቀዋል፤ ስለ ግጦሹና ስለ ጕድጓዱ ለባላገሩ መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ አጃቢ እንጂ አባን አይደለም።

ጉዞ የሚመርጥ መምህር ወይም ርእሰ መምህር ለጉዞ ድርጅቱ የሚያቀርበው ጥያቄ ከዚሁ ልዩነት ይመነጫል። ጉዞውን የሚመራው የስፍራው ተወላጅ ነው ወይስ ከከተማ ተከራይቶ የመጣ ነው? የመግቢያው ገንዘብ ከፊሉ ሣሩን ለተወው ባላገር ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ይልቁንም ባላገሩ «ዘንድሮ በዚህ በኩል አትምጡ፣ ሣሩ አላገገመም» ቢል የሚሰማው ይኖራልን? የመጨረሻውን ጥያቄ ሰምቶ የሚስቅ ድርጅት ቢኖር እኔ ተማሪዎቼን አልሰጠውም። ለሁሉም ጥያቄ መልካም መልስ ያለው ስፍራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ጓሳ እንኳ የራሱ ጭቅጭቅ አለው።

ለመጀመሪያ ጉዞ ግን ከሰንቀሌ የሚበልጥ አላገኘሁም። በሻሸመኔ፣ በሐዋሳና በሐላባ ላሉ ትምህርት ቤቶች የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ሜዳው ግልጽ ስለ ሆነ ተማሪዎች ያለ ብዙ ድካም መንጋውን ቆጥረው፣ ስዌይን በሐርጌሳ ሜዳ ካየው ጋር ሊያስተያዩት ይችላሉ። ዘበኛውንም፣ ከክልሉ ዳር ከብት የሚጠብቀውን ልጅም፣ ሁለቱንም ለየብቻ ይጠይቁ፤ ምላሻቸው ሳይለያይ አይቀርም፤ ሁለቱም ይጻፍ። ልጁ የሚጠብቃቸው ከብቶችና በሜዳው ማዶ የቆመው ቆርኬ የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ሣር ነው።